ሲሲኤንኤ ልፈተን ወይስ ብሩ ይቀመጥ?

ደብዳቤው የደረሰኝ ከድሬዳዋ ነው፣ ከሳቢያን። የጻፈችልኝ ወጣት በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቃ ከዚራ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የምትጠይቀኝ ሲሲኤንኤ ስለሚባለው፣ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ ስለሚሰጠው የኔትወርክ ሙያ ሰርተፊኬት ነው። ስሟን ትቼ፣ ደብዳቤዋን ትንሽ አሳጥሬ ላስቀድም።

«ጋሼ፣ የሥራ መደቤ አይቲ ይባላል እንጂ የማልሠራው የለም። ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ እኔ ነኝ። የካሜራው ምስል ሲጠፋ እኔ ነኝ። ዋይፋይ ሲቆራረጥ እንግዳው የሚቆጣው እኔን ነው። ባለፈው ወር የካሸር ኮምፒውተሮች በድንገት ከሲስተሙ ወጡ። ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ስባዝን ዋልኩ። ማታ ላይ አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ያመጣውን የዋይፋይ ሣጥን ግድግዳው ላይ ካለው የኔትወርክ ሶኬት ጋር አገናኝቶት አገኘሁ። ነቀልኩት፣ ሁሉም ተስተካከለ። ለምን እንደተበላሸ ግን እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። 45 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። አንድ ማሠልጠኛ ‹ሲሲኤንኤ በሁለት ወር› ብሎ 18 ሺህ ብር ይጠይቃል። ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ‹ዛሬ ነገ ሳትዪ ውሰጂው› ይለኛል። አለቃዬ ‹ወረቀት ሰብስበሽ ምን ልትሆኚ ነው? ሥራ የሚለመደው በሥራ ነው› ይላል። እናቴ ብሩ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ትላለች። የማንን ልስማ?»

እህቴ፣ ሦስቱም ላንቺ አስበው ነው የተናገሩት። ሦስቱም የያዙት እውነት አለ። እኔ ግን የምመክርሽን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ሲሲኤንኤ ይጠቅምሻል። ጊዜሽን ስጪው። 45 ሺህ ብርሽን ግን ገና አትንኪው። የፈተናው ክፍያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ከሆቴላችሁ ብልሽት ልጀምር። የጥያቄሽ መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ አለ።

ሠራተኛው ያመጣው ሣጥን ዋይፋይ ከማሰራጨት ሌላ ሥራ አለው። ለኮምፒውተሮች አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር፣ ያድላል። ዲኤችሲፒ የሚባለው አገልግሎት ነው። የሆቴሉ ራውተርም፣ ኔትወርኩን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ዕቃ፣ ይህንኑ ይሠራል። አንድ ኮምፒውተር ሲከፈት አድራሻ የሚሰጠው ይፈልጋል። ጥሪው ኔትወርኩ ላይ ላለ ዕቃ ሁሉ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ሣጥኑ የቀደመላቸው ኮምፒውተሮች የማይሆን አድራሻና የማይሆን መውጫ ይዘው ቀሩ። ራውተሩ የቀደመላቸው፣ ወይም አስቀድመው የወሰዱት አድራሻ ጊዜው ያላለፈባቸው፣ ምንም ሳይሆኑ ዋሉ። ግማሹ ሠርቶ ግማሹ ያልሠራው ለዚህ ነው።

ይህን የተማረ ሰው ከማይሠሩት ኮምፒውተሮች አንዱ ጋ ይቀመጣል። የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቶ አይፒኮንፊግ ብሎ ይጽፋል። አድራሻው የሆቴሉ እንዳልሆነ ወዲያው ያያል። ጌትዌይ (መውጫ) በሚለው ፊት የተጻፈውን ቁጥር ይይዝና የዚያን ዕቃ ማክ አድራሻ፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን መለያ ቁጥር፣ ያወጣል። ከዚያ የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበት ስዊች ውስጥ ገብቶ ያ ማክ አድራሻ በየትኛው ፖርት (መሰኪያ) እንደመጣ ያያል። ፖርት 14 ከሆነ የ14ኛውን ኬብል ተከትሎ ይሄዳል፣ ሣጥኑን ይነቅላል። አንቺ ቀኑን ሙሉ የባዘንሽበትን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ ደግሞ እንዳይደገም ያደርጋል። ስዊቹ ቅንብር የሚቀበል ዓይነት ከሆነ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባል መከላከያ ብዙ ጊዜ ይኖረዋል። አድራሻ ማደል የሚፈቀደው ወደ ዋናው ራውተር ከሚወስደው ፖርት ብቻ ይሆናል። ከሌላ ፖርት የሚመጣ እደላ ተቀባይ የለውም። ይህ መከላከያ በሲሲኤንኤ ፈተና የርዕስ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፎ አለ። የካሸሩን ኮምፒውተር ከእንግዳው ዋይፋይ የምትለዪበት፣ ቪላን የሚባለው የኔትወርክ መለያያም እንደዚሁ።

አየሽ፣ አለቃሽ ሥራ በሥራ ይለመዳል ያለው ልክ ነው። ነገር ግን በሥራ ብቻ የተማረ ሰው የሚያውቀው የደረሰበትን ነው። አንቺ ጎበዝ ስለሆንሽ ሣጥኑን አገኘሽው። በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ብልሽት ግን ሣጥን ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ሁለቱንም የኬብል ጫፍ እዛው ስዊች ላይ ይሰካዋል፣ ኔትወርኩ በሙሉ ይታፈናል፣ የሚነቀል ሣጥን ፍለጋ ስትዞሪ ትውያለሽ። ለፈተናው ስታጠኚ ገና ያልደረሰብሽን ብልሽት ቀድመሽ ታውቂዋለሽ። ለእኔ የሲሲኤንኤ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለዚህም ነው ስዊች ነክቶ ከማያውቅ አዲስ ተመራቂ ይልቅ አንቺን የሚጠቅምሽ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ኔትወርክ ተበላሽቶብሽ ያውቃል? ምን አደረግሽ?» ስትባዪ አፍሽን ሞልተሽ የምትናገሪው አለሽ። ፈተናውን ብቻ ያለፈ ልጅ እዚህ ጋ ጭጭ ይላል። ፈተናውን ያላለፈ ባለሙያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለቃለ መጠይቁም አይጠራም፤ ሲቪው ገና ሲጣራ ይወድቃል። አንቺ ሁለቱን ካገናኘሽ ሌላ ሰው ነሽ።

ስለ ፈተናው ባጭሩ። ሲስኮ ሲሲኤንኤን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የአሁኑ ፈተና ቁጥሩ 200-301 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ይሰጣል። 120 ደቂቃ ነው። አንዴ ያለፍሽውን ጥያቄ ተመልሰሽ ማየት አትችዪም። ዲግሪም ሆነ ሌላ ማስረጃ አምጪ አትባዪም። ከይዘቱ ትልቁን ድርሻ፣ 25 በመቶውን፣ የያዘው መረጃ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መንገዱን የሚያገኝበት ክፍል ነው። ደህንነት 15 በመቶ፣ አውቶሜሽን 10 በመቶ አላቸው። ካለፍሽ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ክፍያው 300 ዶላር ነው፣ ታክስ ሳይጨመር።

እናትሽ ብሩ ይቀመጥ ያሉት እዚህ ላይ ነው የሚገባኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። 300 ዶላር ያጠራቀምሽውን ሙልጭ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ብትወድቂ 5 ቀን ጠብቀሽ ድጋሚ መፈተን ይቻላል፤ ግን እንደገና ከፍለሽ ነው። ለፈተና አዲስ አበባ መውጣት ካለብሽ መጓጓዣና አልጋ ይጨመርበታል። ስለዚህ ይህ ክፍያ «እስቲ ልሞክር» ተብሎ የሚወጣ ብር አይደለም። ማለፍሽን እርግጠኛ ስትሆኚ የምታወጪው ነው።

አሁን ወደ 18 ሺው። ማሠልጠኛው ሁለት ወር ሲያልቅ የሚሰጥሽ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ነው። ሲሲኤንኤ አይደለም። ሲሲኤንኤ የሚገኘው ሲስኮ ራሱ ያዘጋጀውን ፈተና ፒርሰን ቪዩ በሚባለው የፈተና ድርጅት በኩል ወስደሽ ስታልፊ ብቻ ነው። ብዙ ልጆች የማሠልጠኛውን ወረቀት ይዘው ሲቪያቸው ላይ «ሲሲኤንኤ አለኝ» ብለው ይጽፋሉ። አብዛኞቹ ለማታለል ብለው አይደለም፤ የነገራቸው ስለሌለ ነው። ቀጣሪው ግን እውነተኛውን ኢንተርኔት ላይ አጣርቶ ማረጋገጥ ይችላል። ያን ቀን የሚመጣው እፍረት በጣም ያሳዝነኛል፣ ልጁ ለፍቶ ተምሮ ሳለ።

ማሠልጠኛ በጠቅላላው አይረባም ማለቴ አይደለም። ብቻውን ማጥናት የማይሆንለት ሰው አስተማሪና የክፍል ጓደኛ ያስፈልገዋል። ከመክፈልሽ በፊት ግን ሄደሽ ክፍሉን እዪው። እውነተኛ ራውተርና ስዊች አለ ወይ? ተማሪው በእጁ ይነካል ወይስ አስተማሪው ፕሮጀክተር ላይ ብቻ ነው የሚያሳየው? ክፍያው የሲስኮን ፈተና ይጨምራል ወይ? አስተማሪው ራሱ ፈተናውን አልፏል ወይ? እየተሸፋፈነ የሚመልስልሽ ካለ ደህና ዋል ብለሽ ውጪ።

እኔ አንቺን ብሆን በነጻው እጀምር ነበር። ሲስኮ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ የሚባል የትምህርት ፕሮግራም አለው። ኢንተርኔት ላይ ተመዝግበሽ በነጻ የምትማሪያቸው ኮርሶች አሉት። ፓኬት ትሬሰር የሚባለውን ፕሮግራምም በነጻ ታወርጃለሽ። በእሱ ራውተር፣ ስዊችና ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ደርድረሽ፣ ኬብል አገናኝተሽ፣ እውነተኛውን ትእዛዝ እየጻፍሽ ትሠሪያለሽ። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። አንዴ ካወረድሽው በኋላ ለልምምዱ ፈጣን ኢንተርኔት አይፈልግም። በአካዳሚው በኩል ኮርሱን በጥሩ ውጤት ለሚጨርሱ የፈተና ቅናሽ የሚገኝበት መንገድም አለ፤ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ።

በመጀመሪያው ሳምንት የራስሽን ሆቴል እዚያ ላይ ሥሪው። ካሸሩን፣ ካሜራውን፣ እንግዳውን፣ ቢሮውን በየራሱ ቪላን አስቀምጪ። ከዚያ አድራሻ አከፋፍዪ። 192.168.10.0ን ለአራት እኩል ብትከፍዪው እያንዳንዱ ድርሻ 64 አድራሻ ይኖረዋል፤ ሁለቱ ለኔትወርኩ ለራሱ ስለሚያዙ ለዕቃ የሚውለው 62 ነው። ለካሸር ከበቂ በላይ ነው። ለእንግዳስ? 40 ክፍል ቢሞላና በየክፍሉ ሁለት ስልክ ብቻ ቢኖር 80 አድራሻ ትፈልጊያለሽ። 62ቱ አይበቃም። ለእንግዳው ግማሹን ስጪው፣ 126 ያገኛል። ምናልባት «ዋይፋዩ ሞልቶ እያሳየኝ አልገባ አለ» የሚሉሽ እንግዶች ችግራቸው ይህ ሊሆን ይችላል። ሲግናሉ አለ፣ የሚታደለው አድራሻ አልቋል። ተማሪው ሁሉ የሚፈራው ሰብኔቲንግ ይህ ነው። በራስሽ ሆቴል ስታሰዪው እንዴት እንደሚቀልልሽ ታያለሽ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ለማጥናት መሞከር ልፋት ነው። ማለዳውን ያዢው። ሙቀቱ ሳይመጣ አንድ ሰዓት፣ ማታ ነፋሱ ሲጀምር ሌላ አንድ ሰዓት። ሥራ እየሠራሽ ስለሆነ ሁለት ወር አይበቃሽም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ስጪው፣ አትቸኩዪ። በመሐል ታይዋን ገበያ ወርደሽ ትንሽ ኬብል፣ የኬብል ጫፎችና መቆንጠጫ ግዢ። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ይህን ቅደም ተከተል ጣቶችሽ እስኪያውቁት ቆንጥጪ። ፈተናው ኬብል ቆንጥጪ አይልሽም። አንዳንድ ቀጣሪ ግን ይልሻል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። ቴሌግራም ላይ የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ የሚሸጡ አሉ፤ ደምፕ ይሉታል። አትንኪው። ሲስኮ ከደረሰበት ውጤትሽን ይሰርዛል፣ ድጋሚ እንዳትፈተኚም ሊያግድሽ ይችላል። ባይደርስበት እንኳን ሸምድደሽ ያለፍሽበት ሰርተፊኬት ሆቴሉ ሲበላሽ አይመጣልሽም። ባንክ ገብተሽ በመጀመሪያው ሳምንት ራውተር ፊት ብትቆሚስ? የጠፋው 45 ሺህ ብር ሳይሆን ስምሽ ይሆናል።

«ድሬ ላይ ለዚህ የሚሆን ሥራ አለ ወይ?» ብለሽ በቀጥታ አልጠየቅሽም። በአለቃሽ አነጋገር ውስጥ ግን ይህ ጥርጣሬ ያለ ይመስለኛል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን ለሙከራ መጀመሪያ የከፈተው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነው። ነጻ የንግድ ቀጠናውም በዚያው ወር ነው ሥራ የጀመረው። የጅቡቲው ባቡር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ በየመንገዱ የተከፈቱት የባንክ ቅርንጫፎች ሁሉም የሚተዳደር ኔትወርክ አላቸው። ሐረርና ሐረማያ ቅርብሽ ናቸው። ሥራው አዲስ አበባ ያለውን ያህል ነው አልልሽም፣ አይደለም። አንዳንዱ ድርጅትም ባለሙያውን ከዋናው መሥሪያ ቤት እየላከ ነው የሚያሠራው። ግን ራውተሩ ድሬ ላይ ሆኖ ሰውየው አዲስ አበባ ሲሆን የሚወጣው ወጪ ለማንም ግልጽ ነው። እዚሁ ያለ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ይፈለጋል።

ልዩነቱን ግን እወቂው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የምታስቢው፣ መደቡ በዋናነት የሚያየው ዲግሪና የሥራ ልምድ ነው፤ ሲሲኤንኤ ብዙ ለውጥ ላያመጣልሽ ይችላል። የግል ባንክ፣ ቴሌኮም፣ የእርዳታ ድርጅትና ኔትወርክ የሚዘረጉ ኩባንያዎች ዘንድ ነው «ያላት ትመረጣለች» የሚባለው። አገራችን የቴሌኮም መረብ ላይ የሁዋዌ ዕቃ በብዛት ስላለ፣ ወደዚያ ማዘንበል ከፈለግሽ የሁዋዌን ኤችሲአይኤ ዳታኮም የሚባል ሰርተፊኬትም ተመልከቺ። ትናንሽ ሆቴልና ካፌ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማይክሮቲክ የሚባለውን ራውተር ነው የሚጠቀመው። መሠረቱ አንድ ነው። አንዱን በደንብ ያወቀ ሌላውን ሳይውል ሳያድር ይለምደዋል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰርተፊኬት ባንዴ አታሳድጂ።

ወንድምሽ «ውሰጂው» ያለው ከውጭ ሆኖ ስለሚያየው ነው፣ ተሳስቷል አልልም። ዲግሪሽን ውጭ አገር ለማሳየት ማረጋገጫ ማሰባሰብና ማኅተም ማስመታት አለብሽ። ሲሲኤንኤን የትም አገር ያለ ቀጣሪ በአንድ ሊንክ ያጣራዋል። ጅቡቲን የምታስቢ ከሆነ ግን ፈረንሳይኛውም ይጠበቅብሻል። የድሬ የባቡር ሽማግሌዎች ያንን ቋንቋ በደንብ ያውቁት ነበር፤ ለእኛ ትውልድ አለመተላለፉ ይቆጨኛል።

አለቃሽን በክርክር አትርቺው። ሥራ አሳዪው። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ተከትለሽ ቁጥር ለጥፊባቸው። የሆቴሉን ኔትወርክ በአንድ ወረቀት ላይ ሣዪው። ጣሪያ ሥር በተዘጋ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ስዊች ካለ በግንቦት ሙቀት ሳይቃጠል አውጥተሽ አየር የሚያገኝበት አድርጊው። ካሸሩን ከእንግዳው የምትለዪበትን ዕቅድ ጽፈሽ ስጪው። ሲስማማ፣ እንግዳ በማይበዛበት ሌሊት ቀይሪው። ይህን ሁሉ ስትጨርሺ ከፈተናው ክፍያ ግማሹን እንዲሸፍንልሽ ጠይቂው። እምቢ ቢልም ሥራው ያንቺ ነው፣ ሲቪሽ ላይ ይገባል። «የአይቲ ባለሙያ» ብለሽ ከመተው ምን እንደሠራሽ፣ ስንት ዕቃ እንዳስተዳደርሽ፣ ምን እንደተሻሻለ ጻፊ።

ክፍያውን መቼ? ፓኬት ትሬሰር ላይ የሆቴሉን ኔትወርክ ማስታወሻ ሳታዪ ከባዶ መሥራት ስትችዪ። ሰብኔቲንግ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲወጣልሽ። የሙከራ ፈተናዎችን ደጋግመሽ በደህና ውጤት ስታልፊ። እና ሌላ ሥራ ለማመልከት ዝግጁ ስትሆኚ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 3 ዓመቱ መቁጠር የሚጀምረው ካለፍሽበት ቀን ነው። አልፈሽ ሁለት ዓመት እዛው ብትቀመጪ ዋጋው እየሳሳ ነው። ለማደስ ሌላ ፈተና ማለፍ ወይም በሲስኮ ትምህርቶች 30 ነጥብ ማሟላት ይጠይቃል።

ፈተናው ቤት ሆነሽ በካሜራ እየታየሽ የምትወስጂበት መንገድም አለው። መብራትና ኢንተርኔት መሐል ላይ ቢቋረጥብሽ ጣጣ ነው፤ ማዕከል ሄደሽ ብትፈተኚ እመርጣለሁ። በፒርሰን ቪዩ ድረ ገጽ ላይ ቅርብሽ ያለውን ማዕከል ከመክፈልሽ በፊት እዪ። ስትመዘገቢ ደግሞ ስምሽን መታወቂያሽ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው አድርገሽ ሙዪ። የእኛ አገር ስም በአንዱ ሰነድ በአንድ መልክ፣ በሌላው በሌላ መልክ ይጻፋል፣ የአያት ስምም አንዴ ይገባል አንዴ ይቀራል። ማዕከሉ በር ላይ ስሙ አልገጠመም ተብለሽ ብትመለሺ ክፍያው ሊቃጠል ይችላል። ፓስፖርት ከሁሉም ይሻላል። ከሌለሽ ማውጣቱን ከአሁኑ ጀምሪው፣ ጥናትሽን እስክትጨርሺ ይደርስልሻል።